ከፖርትላንድ እስከ ስኔክ ወንዝ በመርከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ፣ ኦሪገን ክፍለ ግዛት ውስጥ ብዙ ዓመት ስለኖርሁ ወላጆቻቸውን ለማስጎብኘት ወይም የጋብቻ በዓላቸውን ለማክበር የሚያስቡ ወዳጆች ስለ አንድ ጉዞ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ይኸውም በኮሎምቢያና በስኔክ ወንዞች ላይ ሳምንት ያህል የሚፈጀው የመርከብ ጉዞ ነው። ማስታወቂያዎቹ «የጠረፍ ታሪክና የወይን አገር» ይሉታል። አንድ ዓይነት መልስ በስልክ ስደጋግም ከምውል ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው ከየት እስከ የት ነው?

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ፖርትላንድ ወይም ከወንዙ ማዶ ያለችው ቫንኩቨር ናት። ይህች ቫንኩቨር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ያለችው እንጂ የካናዳዋ አይደለችም፤ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ ተጠንቀቁ። መርከቡ በመጀመሪያ ወደ ምዕራብ ወርዶ ወንዙ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ጋር እስከሚገናኝበት እስከ አስቶሪያ ይሄዳል። ከዚያ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ይጓዛል፤ የካስኬድ ተራሮችን ሰንጥቆ ያልፍና በደረቁ አገር በኩል ወደ ስኔክ ወንዝ ይታጠፋል። መጨረሻው ክላርክስተን ነው። ማዶዋ ሉዊስተን፣ አይዳሆ፣ ከውቅያኖሱ 465 ማይል፣ ማለትም 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሳለ የወደብ ከተማ ናት።

አንዳንድ ድርጅቶች ጉዞውን ከክላርክስተን ጀምረው ቁልቁል ያደርጉታል። እኔ ሽቅቡን እመርጣለሁ። ከጫካና ከዝናብ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ሣርና ወደ ጥቁር ድንጋይ መግባት የጉዞው ግማሽ ደስታ ነው።

ቪዛ ያስፈልጋል?

የኮሎምቢያ ወንዝ የሚመነጨው ከካናዳ ቢሆንም መርከቡ ከአሜሪካ አይወጣም። አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ላለ ሰው የተለየ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይበቃል። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ዘመድ ግን እንደ ማንኛውም ጎብኚ የአሜሪካ ቪዛ ማግኘት አለበት።

መርከቡ ትልቅ ነው? ማዕበልስ አለው?

በካሪቢያን ባሕር ከምታዩአቸው ተንሳፋፊ ከተሞች ጋር አይነጻጸርም። በወንዙ ላይ ያሉት፣ መርከብ ግድቦቹን የሚያልፍባቸው የውኃ በሮች ስፋታቸው 86 ጫማ፣ ወደ 26 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከዚያ የሚሰፋ መርከብ አያልፍም። ተሳፋሪው እንደ መርከቡ ከመቶ ከሚያንስ እስከ ሁለት መቶ ገደማ ነው። ቁማር ቤት፣ የውኃ መንሸራተቻ፣ የሌሊት ጭፈራ የለም። አብዛኛው መንገደኛ ጡረተኛ ስለሆነ ሕፃናት ይሰለቻሉ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ወላጆች ግን የተመቸ ነው፤ አሳንሰር ያለው መርከብ መሆኑን ብቻ ሳትከፍሉ ጠይቁ።

ማዕበል የሚፈራ ሰው አይስጋ። የወንዙ አፍ ላይ ያለው የአሸዋ ደለል ከ1792 ወዲህ ሁለት ሺህ ያህል መርከብና ጀልባ የበላ፣ «የሰላማዊ ውቅያኖስ መካነ መቃብር» የተባለ አስፈሪ ቦታ ነው። የወንዝ መርከቦች እዚያ ሳይደርሱ አስቶሪያ ላይ ይቆማሉ።

መርከብ እንዴት ሽቅብ ይወጣል?

እኛ ግድብ ስንል የሚታየን መብራትና መስኖ ነው። እዚህ ግን ግድቦቹ ለመርከብ ደረጃ ሆነው ያገለግላሉ። በኮሎምቢያ ላይ አራት (ቦነቪል፣ ዘ ዳልስ፣ ጆን ደይ፣ መክኔሪ)፣ በስኔክ ላይ ደግሞ አራት (አይስ ሃርበር፣ ሎወር ሞኑመንታል፣ ሊትል ጉስ፣ ሎወር ግራናይት) አሉ። እያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ግዙፍ በር ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ተሠርቷል። መርከቡ ከታች ይገባል፤ በስተኋላው ያለው በር ይዘጋል፤ ከላይ ካለው ሐይቅ ውኃ በራሱ ክብደት፣ ያለ ፓምፕ፣ ከታች ይሞላል። መርከቡ እንደ ቡሽ ከፍ ይላል። ከዚያ የፊተኛው በር ይከፈትና ጉዞው ይቀጥላል። ጆን ደይ ላይ ያለው በአንድ ጊዜ ከ30 ሜትር በላይ ያነሣል። ስምንቱን ጨርሳችሁ ክላርክስተን ስትደርሱ ከባሕር ወለል 225 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ።

አንዳንዶቹን በሌሊት ያልፏቸዋል። ቢያንስ አንዱን በቀን ለማየት ከላይኛው ወለል ላይ ቁሙ። እርጥብና አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የበቀለበት ግድግዳ በሁለቱም ወገን በእጅ እስኪደረስ ተጠግቶ፣ ሰማዩ እንደ ጠባብ መቀነት ከላይ ሲታይ፣ ከዚያም ግድግዳው ቀስ እያለ ሰምጦ ሐይቁ ብቅ ሲል ያለውን ስሜት ከመኝታ ክፍል መስኮት አታገኙትም።

ወንዙ ድሮም እንዲህ ጸጥ ያለ ነበር?

አልነበረም። ይህን ጥያቄ ሰው ሳይጠይቀኝም እመልሰዋለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ጉዞ ትልቁ ነገር የማይታየው ነው። በመስኮት የምታዩት ወንዝ ሳይሆን የሐይቆች ሰንሰለት ነው። የጥንቱ ወንዝ እየዘለለና እየጮኸ የሚወርድ፣ አለት የበዛበት ነበር።

ከዘ ዳልስ ከተማ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሲላይሎ የሚባል ፏፏቴ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ቦታውን «ዋይአም» ይለዋል፤ የሚወርድ ውኃ የገደል ማሚቶ እንደ ማለት ነው። ሰዎች በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ከአለቱ ላይ በተንጠለጠለ የእንጨት መቆሚያ ቆመው፣ ረጅም እጀታ ባለው መረብ ሳልሞን የሚባለውን፣ ከባሕር ወደ ወንዙ ሽቅብ የሚዋኝ ዓሣ ያጠምዱበት ነበር። የመቆሚያው ቦታ በዘር የሚወረስ ነበር። ከሩቅ አገር የመጡ ነገዶች ዓሣ፣ ቆዳ፣ ዛጎል የሚለዋወጡበት ታላቅ ገበያም ነበረ። በመጋቢት 10 ቀን 1957 የዘ ዳልስ ግድብ በሮች ተዘጉ፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፏፏቴው ተዋጠ፤ ድምፁም ጠፋ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ዳር ቆመው እያዩ ነበር።

ሲላይሎ መንደር ዛሬም አለች። በየዓመቱ በፀደይ የመጀመሪያውን ሳልሞን ተቀብላ ግብዣ ታደርጋለች። መርከቡ ግን ውኃው ልስልስ ብሎ የተኛበትን ያን ቦታ በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል፤ አንዳንዴም እራት እየተበላ። ሠራተኞቹን «ሲላይሎ ስንደርስ ንገሩን» በሏቸው።

ዓሣውስ የት ሄደ?

በግድቦቹ ጎን የዓሣ መሰላል፣ ማለትም ዓሣው ግድቡን ሽቅብ የሚያልፍበት በደረጃ የተሠራ የውኃ መንገድ አለ። ቦነቪል ላይ ከውኃ በታች ባለ መስተዋት ሳልሞኖቹ ሲታገሉ ማየት ትችላላችሁ፤ እያንዳንዱን ዓሣ የሚቆጥሩ ሠራተኞችም አሉ። ቁጥሩ ከጥንቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅ ያለ ነው። በተለይ አራቱ የስኔክ ግድቦች ይፍረሱ አይፍረሱ የሚለው ክርክር ለአሥርታት ዘልቋል። ነባር ሕዝቦቹና ለዓሣው የሚቆረቆሩት በአንድ ወገን፣ ስንዴያቸውን በጀልባ የሚያወርዱ ገበሬዎችና የኤሌክትሪክ ተጠቃሚዎች በሌላ ወገን ናቸው። እናንተ የምትሄዱበት መርከብም ያለ እነዚያ ግድቦች ክላርክስተን አይደርስም።

ካስኬድ ሎክስ ከተማ ስትወርዱ ከድልድዩ ሥር የነባር ሕዝቦች ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን ሲሸጡ ካገኛችሁ ግዙ። በ1855 አገራቸውን በስምምነት ሲለቁ በለመዱት ቦታ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን አስቀርተው ነበር። ያንን መብት ለማስከበር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል።

«የጠረፍ ታሪክ» ሲባል የማን ጠረፍ ነው?

ከምሥራቅ ለመጣ ሰው ጠረፍ ነበር፤ እዚያ ለተወለደ ሰው መሐል አገር። በመርከቡ ላይ የሚሰጡት ገለጻዎች በአብዛኛው በሉዊስና ክላርክ ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን የላካቸው እነዚህ መኮንኖች በጥቅምት 1805 በስኔክ በኩል ወደ ኮሎምቢያ ገቡ፤ ክረምቱን አስቶሪያ አጠገብ ፎርት ክላትሶፕ በሚባል የግንድ ምሽግ አሳለፉ። እዚያ ከቆዩባቸው 106 ቀናት ዝናብ ያልጣለባቸው 12 ብቻ ነበሩ። ዛሬ የቆመው ምሽግ ቅጂ ነው፤ ዝናቡ ግን እውነተኛው ነው።

ስለ ዮርክ ጠይቁ። ዮርክ የክላርክ ባሪያ የነበረ ጥቁር ሰው ነው። አገር አቋርጦ ከእነሱ እኩል ቀዘፈ፣ አደነ፤ የክረምት ሰፈራቸውን የት እንደሚያደርጉ በተመከረበት ዕለትም ሐሳቡ ተጠይቆ ተመዝግቧል። ሲመለሱ ሌሎቹ መሬትና ገንዘብ ተሰጣቸው። ዮርክ ነጻነቱን ሲጠይቅ ክላርክ ለዓመታት ከለከለው።

የእኛ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። ኦሪገን በ1859 ክፍለ ግዛት ስትሆን ጥቁር ሰው መጥቶ እንዳይኖርባት በሕገ መንግሥቷ ጽፋ ነበር፤ አንቀጹ የተሰረዘው በ1926 ነው። ከዚያ ቀደም በ1840ዎቹም ተመሳሳይ ሕግ ነበረ። ጆርጅ ዋሽንግተን ቡሽ የተባለ ጥቁር ሰፋሪ በኦሪገን መንገድ ሁለት ሺህ ማይል ተጉዞ ከመጣ በኋላ በዚያ ሕግ ምክንያት ኮሎምቢያን ተሻግሮ ወደ ሰሜን፣ ዛሬ ዋሽንግተን ወደሚባለው አገር ሄዶ በ1845 ሰፈረ። መርከቡ መሐል ለመሐል የሚሄድበት ውኃ ለእሱ ድንበር ነበር። ፖርትላንድ ውስጥ ከሐበሻ ምግብ ቤት ወጥቼ ወደ ወንዙ ዳር ስወርድ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

ክላርክስተን አካባቢ ያለው ምድር የኒሚፑ ሕዝብ፣ ፈረንሳዮች ኔዝ ፐርስ ያሏቸው፣ ርስት ነው። በ1805 ሉዊስና ክላርክ በረሃብ ተጎሳቁለው ከተራራ ሲወርዱ ያበሏቸው፣ ታንኳ ሲጠርቡ የረዷቸው፣ ፈረሶቻቸውን ጠብቀው ያቆዩላቸው እነሱ ናቸው። በ1860 ወርቅ ተገኘ። በ1863 በተደረገ አዲስ ውል ከተከለለላቸው መሬት ዘጠኝ ዐሥረኛ ገደማው ተወሰደ። በ1877 ከቀረው ርስታቸውም ውጡ ሲባሉ ጦርነት ሆነ፤ አለቃ ጆሴፍና ሌሎች መሪዎች ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ይዘው 1,170 ማይል እየተዋጉ ሸሹ። ከካናዳ ድንበር 65 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ተያዙ። ጆሴፍ በ1904 ሲሞት ወደ ትውልድ ሸለቆው እንዲመለስ አልተፈቀደለትም ነበር። ስፖልዲንግ ላይ ያለው ሙዚየም ከሉዊስተን ሩቅ አይደለም፤ ከጉብኝት ምርጫዎቹ አንዱ ከሆነ አትለፉት።

ዝናባም የሚባል አገር እንዴት የወይን አገር ሆነ?

ዝናቡ ተራራውን አያልፍም። ከውቅያኖሱ የሚመጣው ደመና ካስኬድ ላይ ይራገፋል። ፖርትላንድ በዓመት አንድ ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ ከተራራው ጀርባ ያሉት የወይን እርሻዎች ብዙዎቹ ወደ ሁለት መቶ ብቻ ነው የሚያገኙት። በጋው ደረቅና ሞቃት፣ ቀኑ ረጅም፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ውኃውን ገበሬው በመስኖ በልክ ይሰጣል። በመርከቡ ላይ ለውጡ በአንድ ቀን ይታያል፦ ጠዋት የዛፍ ሽበት የለበሰ ዝግባ መሰል ጫካ፣ ማታ ራቁቱን የቆመ ኮረብታ።

አፈሩ ደግሞ የራሱ ተረክ አለው። የታችኛው ድንጋይ ከ17 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ እንደ ጎርፍ የፈሰሰ ቅልጥ አለት የፈጠረው ባዛልት ነው። ሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛም ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እንዲሁ በፈሰሰ አለት የተገነባ ነው። እኔ ደርብ ደርብ ያለውን ጥቁር ገደል ከመርከብ ላይ ሳይ አገሬ የሄድሁ ይመስለኛል።

ከዚህ ላይ ጎርፍ መጣ። ከ18,000 እስከ 15,000 ዓመታት በፊት ሞንታና ውስጥ በበረዶ ግድብ የታገተ ሐይቅ እየተደረመሰ ደጋግሞ በዚህ ሸለቆ ወረደ። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ባለችው በዎላ ዎላ ከተማ አካባቢ ውኃው ተኝቶ የተወው ደቃቅ ደለል፣ ነፋስም ያመጣው አፈር፣ ዛሬ ወይኑ የሚበቅልበት ነው። ጄ ሃርለን ብሬትዝ የሚባል የሥነ ምድር ምሁር በ1923 ይህን ሲጽፍ ባልደረቦቹ ተሳለቁበት። የሙያው ታላቅ ሜዳይ የተሰጠው በ1979፣ ዕድሜው ከ95 ካለፈ በኋላ ነው።

የትኛውን ወይን ልቅመስ?

ከዎላ ዎላ ሲራ የሚባለውን ቀይ ወይን። ቁንዶ በርበሬና ጭስ የሚሸት፣ ለሥጋ ወጥ የሚስማማ ወይን ነው። ካበርኔ ሶቪኞንና መርሎም እዚያ ጥሩ ናቸው። ዎላ ዎላ የመጀመሪያውን ጠማቂዋን ያገኘችው በ1977 ነው፤ ሌዮኔቲ ይባላል። ዛሬ ከመቶ በላይ ናቸው። በጉዞው መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ፖርትላንድ የምትቆዩ ከሆነ ወደ ደቡብ ያለው ዊላሜት ሸለቆ በፒኖ ኗር የታወቀ ነው፤ ቀለሙ ሳሳ፣ መዓዛው ለስለስ ያለ።

አክሱማይት ለለመደ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ወይኖች አይጣፍጡም። የመጀመሪያው ጉንጭ ያኮማትራል። ጣፋጭ ከፈለጋችሁ ሪዝሊንግ ጠይቁ፤ ዋሽንግተን በብዛት ታመርተዋለች፤ የሚጣፍጥም የማይጣፍጥም ስላለ ለይታችሁ ተናገሩ። በቅምሻ ቤት ያልወደዱትን ለዚያ ወደተቀመጠው ዕቃ መድፋት ነውር አይደለም። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይቀዳም።

የማይጠጣ ሰውስ? ጾምስ?

ወይኑን ያልነካ ሰው ከታሪኩና ከመልክዓ ምድሩ የሚጎድልበት የለም፤ በወይን ቅምሻው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጉብኝት አለ። ጾምን በተመለከተ «ጾም» ብሎ ማስረዳት አድካሚ ስለሆነ «ቪጋን» በሉ፤ ይህንንም ቦታ ስትይዙ በጽሑፍ አሳውቁ እንጂ ማዕድ ላይ አትጀምሩት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ከሳልሞን አገር ስትመለሱ ቀጥሉበት። ሐላል ሥጋ ለሚፈልጉ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ ካልተገኘ ዓሣ ሞልቷል።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

መርከቦቹ የሚሠሩት ከፀደይ እስከ ኅዳር መግቢያ ነው። የውኃ በሮቹ በየዓመቱ በመጋቢት ለጥገና ስለሚዘጉ ከዚያ በፊት የለም። ሚያዝያና ግንቦት ፏፏቴዎቹ የሚሞሉበት፣ ኮረብታው አደይ አበባን በሚያስታውስ ቢጫ አበባ የሚሸፈንበት ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ምሥራቁ ክፍል ይጋላል። ወይኑ የሚለቀመው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ምርጫዬም ያኔ ነው፤ ዋጋውም የሚወደደው ያኔ ነው።

ጊዜ ካጠረኝ ምን እንዳያመልጠኝ?

መልትኖማ ፏፏቴ (189 ሜትር) ስሙ እንደተጠራው ነው፤ ሰው ግን ይበዛበታል። አስቶሪያ ላይ በ1926 የቆመው ሐውልት 164 ደረጃ አለው፤ ጉልበት ያለው ይውጣ። እኔን የሚገርመኝ ሜሪሂል ነው። ሳም ሂል የተባለ ባለጸጋ ሰው በሌለበት ገደል ላይ ቤት ሠራ፤ ቤቱ ሙዚየም ሆነ፤ በ1926 የሩማንያ ንግሥት ማሪ ድረስ መጥታ መረቀችው። ውስጡ የፈረንሳዊው ቀራጺ የሮዳን ቅርጻ ቅርጾች አሉ። ከዚያም አልፎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የአካባቢው ወጣቶች መታሰቢያ እንዲሆን ስቶንሄንጅ የሚባለውን የእንግሊዝ ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ አምሳያ በሲሚንቶ አቆመ። መጨረሻ ላይ ክላርክስተን በፈጣን ጀልባ ሄልስ ካንየን ወደሚባለው ገደላማ ሸለቆ የሚወስዱ አሉ። ጥልቀቱ 2,400 ሜትር ይደርሳል። ልብስ መቀየሪያ ያዙ፤ ትርሳላችሁ።

ዋጋው ለምን ይህን ያህል ከበደ?

ለአንድ ሰው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። አንዱ ምክንያት በ1886 የወጣ ሕግ ነው፦ በአሜሪካ ወደቦች መካከል መንገደኛ የሚያመላልስ መርከብ እዚያው አገር የተሠራና የአገሪቱን ሰንደቅ የሚያውለበልብ መሆን አለበት። ስለዚህ መርከቦቹ ጥቂት ናቸው፤ ውድድሩም አነስተኛ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ይከፍላል። ጉብኝት፣ መጠጥና ጉርሻ በዋጋው ውስጥ ይካተቱ እንደሆነ ሳትፈርሙ አንብቡ።

ያን ያህል መክፈል አልችልም፤ ሌላ መንገድ አለ?

አለ፤ አላፍርም፣ ለብዙ ሰው የምመክረውም እሱን ነው። ከካስኬድ ሎክስ ለጥቂት ሰዓታት የሚወስድ ባለ መቅዘፊያ ጎማ ጀልባ በወቅቱ ይሠራል። መኪና ያለው በኦሪገን በኩል በአውራ ጎዳና 84 ሄዶ በዋሽንግተን በኩል በቁጥር 14 መመለስ ይችላል፤ ሁለተኛው ቀስ ያለ፣ ግን የተሻለ ነው። መንዳት ለማይፈልግ ደግሞ ኢምፓየር ቢልደር የሚባለው የአምትራክ ባቡር አለ። ከፖርትላንድ ከሰዓት በኋላ ይነሣና በወንዙ ሰሜን ዳር ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በበጋ ሂዱ፤ በክረምት ቶሎ ይጨልማል። ወንበር ስትይዙም በስተቀኝ ይሁን፤ ሲላይሎ የነበረበት ውኃ በዚያ በኩል ነው።